በቀይ የተቀባው ብሎን

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ ሞልቶ አንድ መንደር ሙሉ ጠርጎ በወሰደ ጊዜ የሆነ ነው። የተረፈው ሰው ዛፍ የማይበቅልበት፣ ነፋስ የሚውልበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አገር አዘነለትና ከከተማ ተገጣጣሚ ቤት ተላከለት። ግድግዳው ተነባብሮ፣ ብሎኑ በጆንያ ታስሮ በጭነት መኪና መጣ። ገጣጣሚ ግድግዳውን ከሲሚንቶው መሠረት ላይ ያቆማል፣ ጣሪያውን ይጭናል፣ ሁሉንም በብሎን ያስራል። ቤት ሆነ ማለት ነው።

ገጣጣሚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ዘበርጋ፣ ላጲሶ እና ውበቱ። ስንቱን ሰው ቤት አስገብተው እነሱ የሚያድሩት በአንድ ሸራ ሥር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሦስቱም ተነስተው ሸራውን በእጃቸው ወጥረው ይቆማሉ። ቤት የሚያቆም ሰው ቤት የለውም! ይህን የሚያይ አምላክ አለ ብዬ ልለፈው።

የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ብሎኑን በመፍቻ ጥርቅም አድርገው ካጠበቁ በኋላ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ቀይ ያለበትን ብሎን ሌላው አይነካውም፣ አይፈትሸውም፤ ባልንጀራዬ አጥብቆታል ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ያቺ ነጥብ በገጣጣሚ ዘንድ መሐላ ናት። በሐሰት የቀባ በሐሰት ማለ።

መጨረሻ ላይ የቆመው ትልቁ ቤት ነበር፤ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ። ግድግዳውም ጣሪያውም ወጥቷል፣ ብሎኑ ግን ገና በጣት ብቻ ነው የዞረው። በምረቃው ዕለት ጠዋት፣ ሥራውን በኮንትራት የያዘው አቶ ምኒችል የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ መጣ።

«እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ብሎኑን ሁሉ ቀቡት።»

«ገና አልጠበቀም እኮ ጋሼ» አለ ላጲሶ።

«ካሜራ የሚያየው ቀለሙን ነው። ማጥበቁ ከምሳ በኋላ ይደርሳል። ቀቡ አልኩ!»

ዘበርጋ የተሰጠውን ብሩሽ መሬት ላይ ወረወረው። «ያላጠበቅኩትን አልቀባም። እኔን የሚያየኝ ካሜራ አይደለም።»

«እንግዲያው ከሥራውም ከሸራውም ውጣልኝ!»

«ከሸራው? ኧረ ጋሼ፣ ከቤተ መንግሥት ያስወጡኝ አስመሰሉት!»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ምኒችል ግን አልሳቀም። ዘበርጋ ጨርቁን ጠቀለለ፣ መፍቻውን ትከሻው ላይ አደረገ። ከመሄዱ በፊት ለማቆያው የመጡት ነፍሰ ጡሮች ወደ ተቀመጡበት ሄዶ፣ «እህቶቼ፣ ይህ ቤት ተደግፎ ነው እንጂ ቆሞ አይደለም። እንዳትገቡ» አላቸው። ከዚያ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ። አብዛኞቹ ሰሙት፤ ፀሐይ ይግደለን ብለው ውጭ ቀሩ። እሱ ግን መፍቻ በትከሻው ይዞ አንዲት ብሎን እንኳ ሳያዞር ሄደ። ይህንንም ልብ በሉ።

ላጲሶ ቀባ። ልጆቹን አስቦ ይሁን አለቃውን ፈርቶ፣ ልቡን የሚያውቅ ያውቃል፤ ብቻ ሁሉንም አሳምሮ ቀባ። እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለአቶ ምኒችል ካባ ተደረበለት። ሰው ሁሉ ለምሳ ወደተተከለው ድንኳን ሲወርድ ላጲሶ አልተከተለም። መፍቻውን አንስቶ ተመለሰና በምሥራቁ በኩል የቀባውን ማጥበቅ ጀመረ። እየሠራ ሳለ ብርቄ የምትባል ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ መጣች። ምጧ ጀምሯታል።

«ወንድሜ፣ ቅድም ያ ሰውዬ አትግቡ ብሎን ነበር። እውነቱን ነው እንዴ?»

ላጲሶ ቀና ሲል አቶ ምኒችል ካባውን እየሰበሰበ ከድንኳኑ ሲወጣ አየው።

«ቀዩን አታዪውም እንዴ እህቴ?» አላት። «ግቢ።»

ገባች፤ አዋላጇም ተከትላት ገባች። ላጲሶ ከኋላው ሰው እንደሚያባርረው ሆኖ አጠበቀ። ውሸቱን ነፋስ ሳይደርስበት እውነት ሊያደርገው ነበር ጥድፊያው። ምሥራቁን ጨረሰ፤ ምዕራቡን አልደረሰበትም።

ውበቱስ? ጠዋት ብሩሽ ሲታደል «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ሸራው ውስጥ ተኝቶ ነበር። አልቀባም፤ አልቀባም ብሎም አልተናገረም። ሆዱ ደህና ነበር። ሁሉን እየሰማ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ዋለ። እንዲህ ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ክፉ አይሠራም፣ ክፉ ሲሠራ ግን ሆዱን ይቆርጠዋል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከምዕራብ ተነሳ። በጣት የዞረ ብሎን ምን ይይዛል? አንድ በአንድ ይረግፍ ጀመር። ጣሪያው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ አዘመመ፣ ከውስጥ የብርቄ ጩኸት ተሰማ።

ያን ጊዜ ውበቱ በባዶ እግሩ ከሸራው ወጣ። በምዕራብ በኩል የቆመውን የጭነት መኪና ገመድ አንዱን ጫፍ በሚያዘምመው ግድግዳ አናት ላይ አጠለቀ፣ ሌላውን በመኪናው ብረት ላይ አዙሮ ሳበ። ገመዱ ሲያመልጠው በእጁ ላይ ጠመጠመው። «አውጧት!» እያለ ጮኸ፣ «እኔ ይዣለሁ፣ አውጧት!» ሴቶቹ ገብተው ብርቄን በነጠላ ተሸክመው አወጧት፤ አዋላጇም አብራ ወጣች። ሕፃኑ ደጅ ላይ ተወለደ። የምዕራቡ ጣሪያ ተገንጥሎ ሄደ፤ ላጲሶ ያጠበቀው የምሥራቁ ወገን ግን ቆሞ ቀረ። እሱም ለቆ ቢሆን ቤቱ ሁሉ በላያቸው ይተኛ ነበር። የውበቱ ቀኝ እጅ ግን ከዚያ ወዲህ መፍቻ አይዝም።

አቶ ምኒችል ምን አለ መሰላችሁ? «ነፋስ የእግዚአብሔር ነው፤ ምን ይደረጋል?» ካባውን ሳያወልቅ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። አምላኬ ሆይ ይቅር በለን! ነፋሱስ የእርሱ ነው፤ ብሎኑ የማን ነበር? የገዛ ስንፍናችንን በእግዚአብሔር ስም እንቀባለን፣ ስሙም እንደ ቀይ ቀለም ነው፤ ማንም ደፍሮ አይፈትሸውም። ይህን ሰው ለላይኛው ዳኛ ትቼዋለሁ። የእናንተን ፍርድ የምፈልገው ለሦስቱ ነው።

ከመጣው ቤት አንድ ተረፈ። ወንዙ አንድም ሰው ሳያስቀር ለጨረሰው ቤተሰብ የተላከ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዳምጠው ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ ዘበርጋንም ከመንገድ አስመለሱት። «እናትና ልጅ በእጁ ለዳኑበት ሰው ቤቱን እንስጠው፤ ክረምቱ ሳይገባ ከሸራ ይውጣ» አሉ።

«ብዙዎቹ ውጭ የቀሩት በእኔ ቃል ነው» አለ ዘበርጋ። «ሁሉም ገብተው ቢሆን ማን ማንን ተሸክሞ ያወጣ ነበር? መሐላዬንም አላረከስኩም።»

«እጅህ ንጹሕ ነው፤ ሥራ አልነካውማ!» አለው ላጲሶ። «ምሥራቁን ያቆመው ያንተ ስብከት ነው ወይስ የእኔ መፍቻ?»

«መፍቻህ ያቆማትን ምላስህ ነው ያስገባት» አለ ውበቱ የታሰረ እጁን አቅፎ። «እኔ የከፈልኩትን አሁንም ታዩታላችሁ።»

«ጠዋት አንዲት ቃል ብትጨምርልኝ ሁለት ሆነን አለቃውን እናስቆመው ነበር» አለ ዘበርጋ። «ምላስህን ቆጥበህ እጅህን ሰጠህ።»

አባ ዳምጠው ሕፃኑን ወደታቀፈችው ብርቄ ዞሩ። «አንቺ ፍረጂ ልጄ።»

«አባቴ፣ አንዱ እውነቱን ነገረኝ፤ አላመንኩትም። አንዱ ዋሸኝ፤ አመንኩት። ሦስተኛው ምንም አላለኝም፤ እጁን ሰጠኝ። እኔ ከሦስቱ አንዱን ጥዬ ይህን ልጅ እንዴት ብዬ ላሳድግ? አይሆንልኝም» አለች።

የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ተበተኑ። ቤቱ እንደታሰረ ሜዳ ላይ ተጋድሟል፤ ብሎኑም በጆንያው ነው። ሦስቱ ሰዎች አሁንም በአንድ ሸራ ሥር ጀርባ ተሰጣጥተው ያድራሉ፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ለሦስት ይካፈሉት እንዳትሉኝ፤ ጠባብ ቤት ነው፣ ለሦስት የተከፈለ ግድግዳ ማንንም ከዝናብ አያስጥልም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ እግዚአብሔርን ፈርታችሁ ፍረዱ። ካልጠበቀው አልቀባም ብሎ ለሄደው፣ ቀብቶ ዋሽቶ ላጠበቀው፣ ወይስ ዝም ብሎ ቆይቶ እጁን ለሰጠው፤ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?