ቀይዋ መኪናና አንድ እጅጌ

ተረት ልንገራችሁ። በረቱ ጋራዥ ነው፤ ላሟም ቀይ መኪና ናት።

ድሬዳዋ የገባሁት በባቡር ነው። ከየት እንደመጣሁ ይቅር። እናት አባት አልነበረኝም፤ የነበረኝ አንድ ሸሚዝ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ መኪና ቀቢ ጋራዥ ነበራቸው። ሥራ ስጡኝ አልኳቸው። ፂማቸውን እየጎነጎኑ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ጥግ ላይ የቆመችውን መኪና አሳዩኝ።

ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጀርባዋ ዝቅ ያለ፣ ቆማ ሳለ የምትሮጥ የምትመስል። ከዚያ በኋላ ብዙ መኪና በእጄ አልፏል፤ እንደሷ ያለ አላየሁም። ድሮ ቀይ ነበረች አሉ። የድሬ ፀሐይ ቀዩን በልታ አመድ አልብሳታለች።

«ሲመሽ ባለቤቷ ይወስዳታል» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «እስከዚያ ኮፈኗ አብርቶ ፂሜን ካየሁበት ሥራም ማደሪያም አለህ። ካላየሁ፣ ባቡሩ ያውልህ።»

በቆርቆሮ ፖሊሽ ሰጡኝ። ጨርቅ ግን አልሰጡኝም።

«ጨርቅስ ጋሽዬ?»

«ጨርቁን ቀቢው ራሱ ፈልጎ ያመጣል።»

የሸሚዜን የግራ እጅጌ ቀደድኩ። ፖሊሹን ቀብቼ ማሸት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቼ እጅጌውን ገልበጥ ሳደርገው ደም የነካ ይመስላል። እጄ ቀጥ አለ።

«ጋሽዬ፣ ቀለሟን ላጥኳት።»

ጋሽ ዘርጋው ሳቁ። «አልላጥካትም። የዚች ቀለም አንድ ዓይነት ነው፤ ላዩም ቀይ፣ ውስጡም ቀይ፣ ከላይ የሚሸፍነው ሌላ ነገር የለም። ጨርቅህ ላይ የመጣው ፀሐይ የገደለችው ነው። ሕያው የሆነው ከሥር ነው። እሸው። ብረት ካየህ ግን ሩጥ፤ እኔ እንዳልደርስብህ።»

አሸሁ። አመዱ እየለቀቀ ቀዩ ብቅ አለ። እጅጌዬ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ነገር ግን የሸሚዜ ጨርቅ ሻካራ ነበርና ቀለሟን ጫጫረው፤ ቀይ ሆነች እንጂ አላበራችም።

«ለማብራቱ የሕፃን ገላ የማይቆረቁር ጨርቅ አምጣ» አሉኝ። «ያንን ጣለው።»

አልጣልኩትም። የሸሚዜ አካል ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የምፈልገው እንግዲህ ይህን ያህል ነው፤ አንድ ለስላሳ ጨርቅ።

ከጋራዡ ፊት ለፊት አው ሙክታር የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ይሠራሉ። ከአጠገባቸው የለስላሳ ገበር ቁራጭ ተከምሯል።

«አው ሙክታር፣ አንድ ቁራጭ ይስጡኝ።»

«አንተ ባለአንድ እጅጌ፣ መጀመሪያ ለራስህ እጅጌ አትለምንም?» አሉ። «ይሄ የሙሽራ ሱፍ ገበር ነው። ሱሪው ሳይተኮስ፣ ሙሽራው ሳይለካው፣ ቁራጩን አላስነካም። ካውያዬ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ከሰል አምጣና ውሰድ።»

ካውያው ሱሪውን አይተኩስም፤ አው ሙክታር ጨርቁን አይሰጡም፤ ጨርቁ ቀለሙን አይወለውልም፤ መኪናዋ ፂም አታሳይም፤ እኔም ማደሪያ አላገኝም።

ከሰል ሻጯ አዴ ረውዳ ሐዲዱ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ጆንያ አለ።

«አዴ፣ ለአው ሙክታር ካውያ የሚሆን ከሰል።»

«ዓይን የለህም እንዴ ልጄ? ጆንያው ባዶ ነው። ከሰሉ አህያዬ ላይ ነው፤ አህያዬ ማዶ ነው። ና ብለው እምቢ ይለኛል።»

እውነታቸውን ነው። መንገዱ ላይ ባቡር ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ ባይ ከመንኮራኩሮቹ ወዲያ አራት የአህያ እግሮች ቆመዋል። በፉርጎዎቹ ሥር ልሹለክ ስል የሐዲዱ ዘበኛ ፊሽካ ነፋብኝ። ተመለስኩ። አህያው ማዶ ሆኖ ጮኸ። የሳቀብኝ መሰለኝ።

አህያው ሐዲዱን አይሻገርም፤ ከሰሉ ካውያውን አያሞቅም፤ ካውያው ሱሪውን አይተኩስም፤ አው ሙክታር ጨርቁን አይሰጡም፤ ጨርቁ ቀለሙን አይወለውልም፤ መኪናዋ ፂም አታሳይም፤ እኔም ማደሪያ አላገኝም።

«ታዲያ ባቡሩ ለምን አይሄድም?» አልኳቸው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የኔ አህያው ነው እንጂ ባቡሩ አይደለም። ሸፉን ጠይቅ።»

ሸፍ የሚሉት የባቡሩን ኃላፊ ነው። ባቡሩን ተከትዬ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ሄድኩ። እዚያ አቶ ገብረየስ የሚባሉ ባለቆብ ሰው፣ እንጨት ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ላብ ቆባቸውን አርሶታል።

«ሸፍ፣ ባቡሩ መቼ ይነሳል?»

«መሳፈር ፈልገህ ነው?»

«አይ። መቅረት ፈልጌ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ይሄን ታያለህ?» አሉ ጨርቁን አንስተው። «ቀይ ነበር። ባቡር ጭራው ላይ ቀይ ጨርቅ ሳያስር አይነሳም። የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ያለው ሰው ቀዩን ሲያይ ባቡሩ ሙሉ መሆኑን ያውቃል፤ ካላየ መንገድ ላይ ተቆርጦ የቀረ ፉርጎ አለ ይላል። ይሄን ፀሐይ አነጣችው። ነጭ አስሬ ብሄድ እዚያ ያቆሙኛል። ሌላ እስኪያመጡልኝ እዚሁ ነኝ። ምሳም አልበላሁ።»

ፀሐይቱን ቀና ብዬ አየኋት። ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። የመኪናዋን ቀይ በላች፤ የባንዲራውን ቀይ በላች፤ አሁን የቀረችኝን ቀን ይዛ ልትሄድ ነው።

ሸፉ ባቡሩን አይለቁም፤ ባቡሩ ከመንገድ አይነሳም፤ አህያው ሐዲዱን አይሻገርም፤ ከሰሉ ካውያውን አያሞቅም፤ ካውያው ሱሪውን አይተኩስም፤ አው ሙክታር ጨርቁን አይሰጡም፤ ጨርቁ ቀለሙን አይወለውልም፤ መኪናዋ ፂም አታሳይም፤ እኔም ማደሪያ አላገኝም። ማታ ሌላ ጨርቅ ሲመጣለት ይኸው ባቡር ይወስደኛል።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የሚከተት ሌላ ቦታ ስላልነበረው ነው። ጣቴ እጅጌዬን ነካ።

አወጣሁትና ዘረጋሁት።

አቶ ገብረየስ ጨርቁን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት። ቀይ ነው፤ እንዲያውም ከቀይ በላይ ነው።

«ይሄ ቀለም ከየት ነው?»

«ከሞተ ቀለም ነው።»

«የሞተው እንዲህ ከሆነ ሕያው የሆነውስ እንዴት ነው?» አሉና እንጨቱ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

ሸፉ ባቡሩን ለቀቁ፤ ባቡሩ ከመንገድ ተነሳ፤ አህያው ሐዲዱን ተሻገረ፤ ከሰሉ ካውያውን አሞቀ፤ ካውያው ሱሪውን ተኮሰ፤ አው ሙክታር ጨርቁን ሰጡ። ሲሰጡኝ ከላዩ ሌላ ቁራጭ ጨመሩበት።

«እሱ ለእጅጌህ ነው» አሉ። «ዓይኔን አስቸገርከው።»

ጨርቁም ቀለሙን ወለወለ። እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልበትም። እጄ በዞረበት ሁሉ ጭረቱ ጠፋ፤ ቀዩ ጠለቀ። መጀመሪያ የጋራዡ ጣሪያ ኮፈኑ ላይ መጣ፤ ቀጥሎ መስኮቱ፤ ቀጥሎ ደጅ ያለችው የዛፍ ቅርንጫፍ። ከጎማዋ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ስደርስ አንድ ሰው አየኝ። ከሲታ ነው፤ ግራ ክንዱ ራቁቱን ነው። መስታወት ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ።

ጋሽ ዘርጋው መጡ። ከኮፈኑ በላይ ጎንበስ አሉ። የፂማቸውን ቀኝ ጫፍ ጠመዘዙ፤ ከዚያ ግራውን። ከዚያ ማበጠሪያ አወጡና ቀስ ብለው፣ አንድም ፀጉር ሳይዘሉ አበጠሩት። እኔ ቆሜ ነበር።

«ያኛው እጅጌህስ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ባቡሩ ወሰደው።»

«ይውሰደው» አሉ። «አንተን አይወስድህም። ፍራሹ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ኋላ ነው።»

ባለቤቷ ሲመሽ መጥቶ ወሰዳት። ከበሩ ስትወጣ የመንገዱን መብራት ሁሉ ጀርባዋ ላይ አዝላ ሄደች።

አቶ ገብረየስ ያንን ጨርቅ ለረጅም ጊዜ አልቀየሩትም። ባቡር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ከጋራዡ ደጅ እወጣና እጅጌዬ በፉርጎው ጭራ ላይ እየተውለበለበ ሲሄድ አይ ነበር። እጅጌዬ ይሄዳል፤ እኔ እቀራለሁ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ተዉት፤ ኮፈኑን በለስላሳ ጨርቅ አብሱልኝ።