የኅዳር ጭስና አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ዙሪያውን በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ እንስሳት ከተማ ቆርቁረው ይኖሩ ነበር። ቦታው ውኃ አያጣም፣ ሣርም አያጣም፤ የሚያጣው ነፋስ ነው። በክረምት ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል፤ በመጋቢት ደግሞ ነፋሱ ተራራውን ዘልሎ ይገባና ጠራርጎት ይሄዳል። ኅዳር ሲገባ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ብርዱም ከተራራው ተንሸራትቶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ያን ጊዜ ጭስ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት እንፋሎት መውጫ ያጣል።

የእንስሳቱ ልማድ ታዲያ ጥራጊያቸውን ዓመቱን ሙሉ አከማችተው በኅዳር ማጨስ ነበር። ጭስ በሽታ ያባርራል ይላሉ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ አባቶቻቸው ብለዋል፣ በቃ።

በዚያ ዓመት በኅዳር አንድ ውርንጭላ ሳል ያዘው። እናቱ እመት አህያ ሌላ ልጅ የላትም። ሲስል ጎኑ ገባ ወጣ ይላል፤ ጡት መጥባትም አቅቶታል። ጉባኤ ተጠራና ጉዳዩ አንበሳ ዘንድ ቀረበ።

አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የሳለ ሁሉ ደጁ ላይ ጭስ ይጨመርለት። የውርንጭላውን እኔ ራሴ አጨስለታለሁ» አለ።

እንስሳቱ በጅብ ደግነት ተገረሙ። ከመገረም ይልቅ መጠርጠር ይሻላቸው ነበር፤ ጅብ ለአህያ ልጅ ማዘን የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? አንበሳ ግን «ይሁን» አለ።

ይህን ምክር ለጅብ ያቀበለችው ቀበሮ ነበረች። ቀበሮ የምትኖረው ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ከጉባኤው በፊት ወደ ጅብ ወርዳ እንዲህ አለችው፦

«አያ ጅቦ፣ ይህ ውርንጭላ ጭስ ከበዛበት አይቆይም።»

«ታዲያ እኔ ምን ቸገረኝ?»

«የሞተ አህያ ለማን ይጣላል?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ጊዜ ወሰደበት። «ለእኔ» አለ በመጨረሻ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«እንግዲያው አጭስለታ። አንተ ስታጨስ ስትውል ዋሻህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ጅብ ዋሻው ውስጥ ሥጋ ማከማቸቱን ረሳው። ቀበሮ አልረሳችም።

ጅብ እመት አህያ ደጅ ላይ እርጥብ ቅጠሉን፣ አሮጌ ቆዳውንና የበሰበሰ ገለባውን ይማግድ ጀመር። ውርንጭላው በሳለ ቁጥር አንድ እቅፍ ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ውርንጭላው ይብስበታል። ከተማው ሁሉ ይስል ጀመር። እመት አህያ በደጇ የምታልፈውን ቀበሮ አስቆመቻት።

«ከተማው ሁሉ ሲስል አንቺ የማትስዪው ለምንድን ነው?»

«እኔማ እግዜር ጠብቆኝ ነው፣ እመት አህያ» አለችና ቀበሮ ወደ ተራራዋ ወጣች።

እመት አህያ ቀበሮ የሄደችበትን መንገድ ልብ ብላ አየች። በማግስቱ ማለዳ ልጇን በግንባሯ እየገፋች ዳገቱን ጀመረች። መንገዱ ለደህና አህያም ይከብዳል። ውርንጭላው በየመታጠፊያው እየተኛ አስቸገራት። «ተነሥ ልጄ፣ የቀረችን ትንሽ ናት» ትለዋለች። ትንሽ እንዳልሆነች ታውቃለችና እንባዋ ይወርዳል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ተቀበለቻቸው። ቁልቁል ስታይ ከተማው የለም፤ ጭሱ እንደ እርጎ ረግቶ ሸፍኖታል። ውርንጭላው አየር ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፤ ከዚያ ጡት ፈለገ።

ከታች ጅብ ጆሮውን አቀና። ሳል የለም። «ሞተ» አለና ወደ አህያ ቤት ዘልሎ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው። ሊያነፈንፍ ቢሞክር ከጭስ በቀር የሚሸተው ነገር አጣ። ተናዶ ወደ ዋሻው ተመለሰ። ዋሻው ከከተማው ሁሉ ዝቅ ያለ ነውና ጭሱ ቁልቁል ወርዶ ሞልቶታል፤ ሥጋውም የለም። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው።

በግ ሰማችው። «አያ ጅቦ ሳለ» አለች። እንስሳቱ እቅፍ እቅፍ ጥራጊ ይዘው መጡ። ውለታ መመለስ ነውና ማንም አልሰነፈም።

«ተዉኝ፣ ድኛለሁ» አለ ጅብ ከውስጥ።

«በሽታው ነው የሚያናግረው» አለች በግ፣ እርጥብ ቅጠል እየጨመረች።

«ጭሱ ነው የገደለኝ።»

«እንዲህ ሲል ሊለቀው ነው፤ ጨምሩ።»

ጩኸቱ ተራራው ጫፍ ድረስ ተሰማ። እመት አህያ ዝም ብትል የሚወቅሳት አልነበረም። ልጇ ሲጠባ ትንሽ ቆየችና አናፍታ አንበሳን ጠራችው። አንበሳ እያለከለከ ወጣና ቁልቁል አየ። ቀበሮ ጉድጓዷ ደጅ ላይ የጅብን ሥጋ ትግጣለች።

«ይህን በየማለዳው ታዪ ነበር?» አላት።

«የጠየቀኝ የለም፣ ጌታዬ።»

«እኔ ጠይቄሻለሁ» አለች እመት አህያ።

አንበሳ እሳቱ ሁሉ አፈር እንዲለብስ አዘዘ። ጥራጊም ከዚያ ወዲህ እንዲቀበር እንጂ በኅዳር እንዳይጨስ ደነገገ። ጅብን ከዋሻው በጅራቱ ጎትተው አወጡት፤ ነፍሱ ተረፈች፣ አፍንጫው ግን እስከ ክረምት አልሠራለትም። ቀበሮ ከተራራው ወርዳ ከጅብ አጠገብ እንድትኖር ተፈረደባት።

ከዚህ የምንማረው፣ አገሩንና ወቅቱን ሳያስተውል ለጎረቤቱ ብሎ ያጨሰ ሰው ለራሱም እንደሚያጨስ፣ ጭሱ የት እንደሚተኛ እያየ ዝም ያለም ከአጫሹ እንደማይሻል ነው።