ላቀችና በለጠች

አንዲት ኪሮሽ ሠሪ ነበረች። ስሟ ላቀች ነው። አባቷ ስሙን ሲያወጡላት ምን እንደታያቸው አይታወቅም፤ ልጅቷ ግን ስሟን አምና ተቀበለችው። በመንደሯ በኪሮሽ እሷን የሚያህል አልነበረም። የአልጋ ልብስ ትሠራለች፣ የጠረጴዛ ልብስ ትሠራለች፣ የራዲዮ ልብስ ትሠራለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ የምታስብ አህያ አግኝታ፣ አህያዋ አስባ ሳትጨርስ ለሁለቱም ጆሮዎቿ ልብስ ሠርታላታለች ይባላል።

የመንደሩ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ግቢ ተሰብስበው ኪሮሽ ይሠራሉ። እያንዳንዷ በሱፍ ክር መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ካሬዎች ትሠራለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ካሬዎቹ ይገጣጠሙና አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ይወጣቸዋል። ብርድ ልብሱ በመንደሩ ለወለደች አራስ ይሰጣል። ከካሬዎቹ ሁሉ የምትከበረው የመሃሏ ናት። ሁለት ስንዝር ትሰፋለች፤ ያልገባባት ቀለም የለም። እሷን የሠራች ሴት ብርድ ልብሱን በገዛ እጇ አራሷን ታለብሳለች፣ መንደሩም እልል ይልላታል። ይህችን የመሃል ካሬ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው ላቀች ናት።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ሴት መጣች። ከሩቅ አገር ተድራ የመጣች፣ ሳቅ የሚቀናት፣ ኪሮሽ በእጇ ነክታ የማታውቅ ወጣት ናት። መርፌውን እንደ ማማሰያ ጨብጣ ክሩን ታማስለው ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ክሩ፣ መርፌው፣ የግራ እጇና የጎረቤቷ ነጠላ አንድ ላይ ተቋጠሩና መቀስ ተፈለገ።

"ስምሽ ማን ነው የኔ ልጅ?" አሏት የሴቶቹ ታላቅ እማማ ድንቄ፣ ከነጠላው እያላቀቋት።

"በለጠች።"

ላቀች ከሥራዋ ቀና አለች። "ማን አልሽ?"

"በለጠች፣ እትዬ።"

"ማንን?" አለች ላቀች።

ሴቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ላቀች ግን አልቀለደችም።

እነዚያ ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው፤ ጀማሪ ሲያዩ አያስችላቸውም። በለጠች አንዲት ቀለበት ከቋጠረች "ጎሽ በለጠች!" ይላሉ። ሁለተኛዋን ስታበላሽ "አይዞሽ በለጠች፣ እኛም እንዲሁ ነበርን!" ይላሉ። ተስፋ ቆርጣ ሁሉንም ስትተረትረው ደግሞ "ውይ እጅሽ ይባረክ! አተራተሯን እዩልኝ!" ይላሉ። ጎሽ ጎሹ ከመብዛቱ የተነሳ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ አንድ ሰውዬ የጎሽ መንጋ ግቢው ውስጥ የገባ መስሎት ጦር ይዞ መጥቷል።

በላቀች ጆሮ የሚገባው ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በለጠች። በለጠች። በለጠች። ሴቶቹ ስም ይጠራሉ፤ እሷ ፍርድ ትሰማለች። ቤቷ ገብታም አልተወቻትም። ባሏ ስለ ሁለት ፍየሎች ሲያወራ "በወተትስ ጥቁሯ በለጠች" ቢላት፣ ምሳዋን ትታ ተነሳች። ሰውዬው ፍየሏ ምን እንዳጠፋች እስከ ዛሬ አልገባውም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በለጠች የመጀመሪያዋን ካሬ ጨረሰች። አራት ጥግ ሊኖራት ሲገባ አምስት ነበራት፤ አምስተኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹ ግን ካሬዋን እንደ አዲስ ሕፃን እየተቀባበሉ ሳሟት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ላቀች አንዲት ካሬ ጨርሳ አስቀመጠች። ጥጓ እንደ ምላጭ የቀና፣ ፊቷና ጀርባዋ የማይለይ፣ አበባዋ ንብ የሚያሳስት ካሬ ነበረች። እማማ ድንቄ አነሷት።

"ያው የላቀች ናት" አሉና ክምሩ ላይ ጣሏት።

ያው! ይህች ቃል በላቀች ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካች። ውሃ ብትጠጣ፣ ዳቦ ብትውጥ አልወርድ አለቻት።

በማግሥቱ በለጠች ክሯንና መርፌዋን ይዛ ላቀች ቤት መጣች። "እትዬ፣ ጥጉ አልሆንልኝ አለ። ሁሉም 'ከእትዬ ላቀች በላይ የሚያውቅ የለም' ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

የካሬ ምስጢሩ ጥጉ ነው። በዙሩ ሁሉ ሦስት ሦስት ቀለበት እየተደረገ ይሠራና ጥግ ላይ ሲደርሱ እጥፍ ይደረጋል። ጥጉ ላይ እጥፍ ያላደረጉለት ካሬ፣ ካሬ መሆኑን ይረሳል። ላቀች ይህን ተኝታም ታውቀዋለች። ልጅቷን አየቻት፣ ክሩን አየችው፣ ጉሮሮዋ ላይ ያለው አጥንት ወጋ አደረጋት።

"ጥግ የሚሉትን ነገር እርሺው" አለቻት። "ዝም ብለሽ ዙሪ።"

"ዝም ብዬ ልዙር?"

"አዎ፣ መዞር ብቻ። እንዲያውም ጠበቅ አድርገሽ።"

በለጠች ጉልበቷን ስማ ሄደች፤ ሳምንቱን ሙሉም ዞረች።

ቅዳሜ ላቀች ከሁሉም ቀድማ እድሩ ግቢ ተገኘች። ሳቁን እንደ ሠርግ ቀን ትጠብቀው ነበር። በለጠች የሠራችውን አወጣችው። ካሬ አልነበረም። ዙሪያው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎድጓዳ ሆኗል። እማማ ድንቄ ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ ምን እንደሆነ ሲያጡ ጭንቅላታቸው ላይ ደፉት። ልክክ አለ።

"ቆብ ነው!" አለች አንዷ።

"ማነው ይህን ያስተማረሽ?" አሉ እማማ ድንቄ።

ላቀች ነጠላዋን ሰብስባ ለመነሳት አሰበች።

"እትዬ ላቀች ናቸዋ!" አለች በለጠች ፊቷ በርቶ። "እናንተ ካሬ ስታስተምሩኝ፣ እሳቸው ለብቻዬ ቆብ አስተማሩኝ።"

"ጎሽ በለጠች!" አለ ግቢው በሙሉ።

በሳምንቱ የመንደሩ ራሰ በራ ሁሉ በለጠችን ፍለጋ ወጣ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቆብ ያላደረገ ሰው እንግዳ ነው ተብሎ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ ጀመር። ጥጉንም ቢሆን ሴቶቹ በአንድ ቅዳሜ አስተማሯት። ከዚያ ወዲያ የበለጠች ካሬዎች አራት ጥግ ብቻ ያላቸው ሆኑ።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ለጨዋታ ያህል "ዘንድሮ የመሃሏን በለጠች ብትሞክራትስ?" አለች።

"የመሃሏ የኔ ናት!" አለች ላቀች፤ ጥቅል ክሯን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሥራዋን ጀመረች። ግን "በለጠች" የሚለው ቃል በጆሮዋ በመጣ ቁጥር ክሩን ሳብ ታደርገዋለች። ቃሉ ደግሞ በየደቂቃው ይመጣል። ክሩ ከመወጠሩ የተነሳ እንደ ክራር ይጮኽ ነበር፤ ጎረቤቶቿ ድምፁን ሰምተው ድግስ ያለ መስሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተዋል። ቅዳሜ ከሴቶቹ መካከል ስትቀመጥም ዓይኗ ከበለጠች እጅ አይነቀልም። የራሷን እጅ ካየች ስንት ሳምንት ሆኗታል። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ዝም ብሎ ይሠራል፤ እሷ ትቀናለች።

የመገጣጠሚያው ቀን ደረሰ። እማማ ድንቄ ሰሌኑ ላይ ስድሳ ካሬዎች ደረደሩ። መሃሉን ሁለት ስንዝር ክፍት ተዉት።

"በይ ላቀች፣ አምጪያት።"

ላቀች ካሬዋን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና በክፍቱ ቦታ አስቀመጠቻት። ሁሉም አጎንብሶ አየ። ትልቅ ትሪ ላይ የተረሳች አንዲት ብስኩት ትመስል ነበር። ላቀች ዓይኗን አላመነችም። አራት ሴቶች አራቱን ጥግ ይዘው ጎተቱ፤ እንደ ድንጋይ ጠንክራለች፣ ንቅንቅ አትልም።

"አራሷ አንገቷን ታውጣበት ይሆን?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ከወደ ጓሮ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ያኔ የላቀች ጉሮሮ ተፈታ።

"እሺ! በለጠች! በቃ፣ በለጠች! ደስ ይበላችሁ!"

"አቤት እትዬ?" አለች በለጠች ከወዲያ ጫፍ ብድግ ብላ።

ማንም አልሳቀም። ላቀች ሰሌኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ሃያ ዓመት ሠራሁ" አለች። "አንድ ቀን ጎሽ ያለኝ ማን አለ? እሷ ክር በነካች ቁጥር ጎሽ። ስትሠራ ጎሽ፣ ስታበላሽ ጎሽ። እኔ ሳደርገው ግን 'ያው የላቀች ናት'።"

እማማ ድንቄ ደነገጡ። "አንቺን ጎሽ ማለት ድፍረት መስሎን ነው እኮ። ማን ነኝ ብዬ ነው አንቺን ጎሽ የምልሽ?"

"እኔ ግን ይህን ስጠብቅ ከፋሁ" አለች ላቀች። ወደ በለጠች ዞረች። "ቆብ አላስተማርኩሽም። ጥጉን ደብቄሽ ነው። መሳቂያ እንድትሆኚ ብዬ።"

በለጠች አየቻት። ሳቅ የሚቀናው ፊቷ አሁን ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"ለእናቴ መልእክት ልኬላቸው ነበር" አለች። "በሰው አገር አንድ ሰው አገኘሁ፣ አያስቡ ብያቸዋለሁ።"

ከዚያ በለጠች ቁጭ አለችና ያቺን ጠንካራ ካሬ ከሰሌኑ ላይ አነሳች። የክሩን ጫፍ ፈልጋ አገኘችው።

"ይጠቅልሉልኝ" አለች። "ለብቻ አይተረተርም፤ በጣም ጠብቋል።"

በለጠች እየተረተረች፣ ላቀች እየጠቀለለች ከሰዓት በኋላው አለፈ። ከዚያች ብስኩት ውስጥ ሦስት ካሬ የሚያሠራ ክር ወጣ። ላቀች ከመሃሉ ቀለበት እንደገና ጀመረች። ሃያ ዓመት የሠራችውን ካሬ ዛሬ ገና የምትማረው ይመስል፣ የመጀመሪያው ጥግ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። እጥፍ አደረገችው።

"ጎሽ እትዬ" አለች በለጠች፤ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

የላቀች ጣቶች ላላ አሉ። እማማ ድንቄም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ማፈር እያሉ፣ "ጎሽ ላቀች" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ሴቶቹ የሃያ ዓመቱን በአንድ ቀን ሊሏት ተነሱ፤ "አሁንስ አበዛችሁት!" እያለች እስክትለምናቸው ድረስ።

ካሬዋ ሁለት ስንዝር ሞላች። አራሷንም ያለበሰቻት ላቀች ናት፤ መንደሩ እልል አለ። በለጠች ግን በአንድ ጊዜ እንደ ድሮው አልሆነችም። የላቀችን ደጅ ዳግመኛ እስክትረግጥ ሦስት ወር ወስዶባታል። ላቀችም ሦስቱን ወር በየቅዳሜው አጠገቧ ቦታ ይዛ ጠብቃታለች።

ወዳጆቼ፣ ቅናት እንዲህ ነው። ዓይናችንን ሌላው ሰው እጅ ላይ ተክሎ የገዛ ሥራችንን ያጠብብናል፤ ስንነቃ በእጃችን ያለችው ለመሃል የማትበቃ ብስኩት ናት። ይህ ለቀናው ሰው ነው። ለቀረነው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጀማሪን ማበረታታት እናውቅበታለን፤ የሚወድቀውን አይዞህ እንላለን። ሁልጊዜ አሳምሮ የሚሠራውን ሰው ግን ምስጋና የማይርበው ይመስለናል። እህሉን በልተን፣ ልብሱን ለብሰን፣ "ያው የእሱ ነው" ብለን እናልፋለን።

በእናንተስ ቤት፣ በእናንተስ ሥራ ቦታ "ያው" እየተባለ የሚታለፈው ማን ነው? ስሙ ትዝ ካላችሁ፣ ይህን ታሪክ ለሌላ ከማካፈላችሁ በፊት መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂዱ።