ከአንሶላው ገመድ እስከ ቢጫው ጀሪካን

አንዲት ሴት ነበረች። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ዝናሽ እንበላት።

ልጆቼ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ማጠብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ? እጇን በረኪና በልቶታል። ወገቧማ ጠዋት ጠዋት በልመና ነው የሚቃናው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሰበሰበና፣ «ለፋሲካ እንግዶች በሸራ ውሃ ላይ መሄድ የሚያስጀምርልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። «ከእናንተ መሀል ቢጫው ጀሪካን ድረስ ደርሶ፣ በራሱ የሚመለስ ካለ ሥራው የእሱ ነው። እስከ ሆሳዕና ዋዜማ እጠብቃለሁ። ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ።»

ቢጫው ጀሪካን፣ ዋናተኞች ከዚያ እንዳያልፉ ጀልባ ነጂው ጋሽ ቱፋ በድንጋይ አስሮ ሐይቁ ላይ ያንሳፈፈው ምልክት ነው።

በሸራ መሄዱን ደግሞ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ፈረንጆቹ ዊንድሰርፊንግ ይሉታል። ረጅም ሰሌዳ አለ። መሀሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፣ ምሰሶው ላይ ሸራ ይወጠራል። ሰውየው ሰሌዳው ላይ ቆሞ የሸራውን መያዣ ይይዛል፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ሞተር የለው፣ መቅዘፊያ የለው። ነፋስና እጅ ብቻ።

ዝናሽ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ ዋና ታውቃለች። የሥራ አስኪያጁን ቃል ከሰማች ወዲህ ግን ውስጧ አልቀመጥ አለ። ከወገብ ሕመሟ የምትገላገልበት በር ተከፍቶ አየቻ። በዚያው ሳምንት አገር ለቀው የሚሄዱ ባልና ሚስት ዕቃቸውን ሲሸጡ፣ በዕቁቧ ሰሌዳቸውንም ሸራቸውንም ገዛች። ከእሷ በፊት ሁለት ሰው ተገልግሎበታል። ሰሌዳው የተሞላ ስንጥቅ አለው፣ ሸራውም ሁለት ቦታ ተጥፏል።

አብራት የምታጥበው አስካለ ዞር ዞር ብላ አየችው። «አንቺ፣ ይሄ ነገር ከእኔ ትዳር በላይ ተጠጋግኗል» አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ወደቀች። ሸራውን በገመድ ጎትታ ከውሃው ታነሣለች። መያዣውን በሁለት እጇ አንቃ ትይዛለች። ነፋሱ መጣ ሲል ሸራው እሷኑ አንሥቶ ወደ ፊት ይወረውራታል።

ምን አለች? «ዕቃው ነው» አለች። ገመዱ አርጅቷል ብላ ገመዱን ቀየረች።

ወደቀች። «ዕቃው ነው» አለች። የሸራውን መጣፊያ ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

ወደቀች። «ዕቃው ነው።» ጋሽ ቱፋን ለምና የምሰሶውን እግር ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አስጠበቀችው። አሁንም ወደቀች።

እንግዲህ ዕረፍት የሚባል አጣች። የላንጋኖ ነፋስ የሚነሣው ከምሳ በኋላ ነው። የግራሩ ቅጠል ትንሽ ከተወዛወዘ ሽሮዋን ጥላ ትነሣለች። ቁማ ትበላለች፣ እየሄደች ታወራለች፣ ሲያናግሯት ዓይኗ ውሃው ላይ ነው። ሁዳዴው ሲጋመስ ደግሞ፣ ሐዋሳ ሌላ ሰሌዳ የሚሸጥ አለ ሲሉ ሰማችና ጋሽ ቱፋን ጠይቅልኝ አለችው።

«ዝናሽ፣ ሰሌዳው ደህና ነው» አላት።

«ታዲያ ለምን ይጥለኛል?»

«እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፣ የሸራውን አላውቅም። ስትወድቂ ግን አይቻለሁ። ውሃው ውስጥ ስትገቢ እንኳ ሁለቱም እጅሽ እንደጨበጠ ነው።»

«ካልያዝኩት ያመልጠኛላ ጋሼ።»

«እንጃ። ይዘሽውም ሲቀርልሽ አላየሁም።»

ተቀይማው ሄደች። ሁለት ቀን ሰላም አላለችውም።

ለሆሳዕና አራት ቀን ሲቀረው ከሎጁ ብዙ እንግዳ ወጣ፤ አንሶላው ተራራ አከለ። አጥበው ወደ ማስጫው ሲወጡ ነፋሱ ተነሥቷል። አስካለ ቶሎ ለመጨረስ ብላ ትልቁን አንሶላ በሁለት እጇ ዘርግታ ገመዱ ላይ ልትጥል ስትል ነፋሱ ሞላው። አንሶላው ተነፋ፣ አስካለን እየጎተተ ወሰዳት፣ እሾሁ አጥር ላይ አጣብቆ ጠቀለላት።

«አንዱን ጫፍ ልቀቂው እንጂ አስካለ» አለች ዝናሽ በንዴት። «ስንት ዓመት ነው የምነግርሽ? በነፋስ ሁለቱን ጫፍ አይያዝም። አንዱን ገመዱ ላይ ቆንጥጪ፣ ሌላውን ለነፋሱ ተዪለት። ሲበርድ ቀስ ብለሽ ትሰበስቢዋለሽ።»

ይህን ብላ ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች።

አንሶላው ውስጥ ያለችው አስካለ ጠበቀች፣ ጠበቀች። «ስብከቱ ካለቀ አውጪኝ» አለች።

አወጣቻት። የቀረውንም አንሶላ አሰጣች፤ እያንዳንዱን ስታሰጣ ግን የገዛ እጇን እንደ ሰው እጅ ታየዋለች። ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ይለቃል። ከገመዱ ወዲያ ስትዞር ደግሞ ቀኙ ይይዛል፣ ግራው ይለቃል። ማን አስተማረው? መቼ ተማረ? ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያደርገው ኖሯል፤ እሷ አላየችውም።

የዚያኑ ቀን ያንኑ ሰሌዳ፣ ያንኑ የተጣፈ ሸራ ይዛ ውሃ ገባች። ነፋሱ መጣ። ቀኝ እጇን ከፈተች። ሸራው እንደ አንሶላ ተርገበገበ፣ ነፋሱን አፈሰሰ፣ እሷ ቆማ ቀረች። ቀስ ብላ ሰበሰበችው፤ ሰሌዳው ሄደ።

ከዚያ በኋላ አልወደቀችም እንዳትሉ። ጀሪካኑ ጋ ስትዞር ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ ለመመለስ የእጁ ሥራ ይቀያየራላ። «ዕቃው ነው» ግን ከአፏ አልወጣም። ለሆሳዕና ዋዜማ ሥራ አስኪያጁ ዳር ቁሞ እያየ ደርሳ ተመለሰች።

«ማን አስተማረሽ?» አላት፣ ውሃው ከልብሷ እየተንጠባጠበ።

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ ከኋላ። «ተጠቅልዬ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተስ በዚህ ዓመት የትኛውን ገመድ ቀየራችሁ?

አንዱ ቤት ይቀይራል። አንዷ ማኅበር ትቀይራለች። ሌላው የሚጸልይበትን ሰዓት፣ ሌላው ጓደኛ፣ ሌላው ከተማ። «ዕቃው ነው» እንላለን። ከእናት ከአባት የወረስነው ጠባይ፣ ድሮ የተሰነጠቀ ትዳር፣ ከሰው ተርፎ የደረሰን ኑሮ። እውነት ነው፣ የተጣፈ ነው። አዲስ ዕቃ ይዞ የተወለደ ግን ማን አለ? ከመካከላችሁ አንድ አለ?

እግዚአብሔር የሚያስተምረንን ነገር ሩቅ ቦታ አላስቀመጠውም። ስትጋግሩ፣ ስትነዱ፣ ስትሸጡ፣ ልጅ ስታባብሉ እጃችሁ የተማረው ነገር አለ። የሚያለቅስ ሕፃን ስትይዙ አጥብቃችሁ ታንቁታላችሁ? አታንቁትም። ያደገውን ልጃችሁን ግን ታንቁታላችሁ። ለደንበኛ የምትታገሡትን ለሚስታችሁ አትታገሡም። እጃችሁ ያውቃል፣ እናንተ አልጠየቃችሁትም።

ሁሉን ልቀቁ አላልኩም። ዝናሽ ሁለቱንም እጇን ብትለቅ ሸራው ውሃ ውስጥ ነው። አንዱ እጅ አይለቅም፤ እሱ እግዚአብሔርን የያዛችሁበት ነው። ሌላው ግን ምን ይዟል? የአምና ቂም ነው? የማይመለስ ሥራ ነው? ሊሄድ የተነሣ ሰው ነው?

ነፋሱ እንደሆነ ይመጣል። እኔ ጸልዬም አላስቆመው፣ እናንተም አታስቆሙት።

እስቲ አሁን፣ እንደተቀመጣችሁ፣ ጭናችሁ ላይ ያለውን እጃችሁን እዩት። ተጨብጧል አይደል? ጨብጡ ያላችሁ ሰው አልነበረም።

አንዱን ክፈቱት።