ያልተቀመጠ ካምቢዮ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ እንጂ ይርዳው፣ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። «ጋሼ፣ ሚስቴ እናቷ ቤት ከገባች ሳምንት ሞላት፤ ለምን ሽማግሌ ይዘው ሄደው ዛሬውኑ አያስመልሱልኝም?» ነው ያልከኝ። እየመለስኩልህ ነው፤ ቁጭ በል።

አንድ ሰው ነበረ፤ የታመመ አባት ነበረው። አባትየው በደህናው ዘመን ይወዳደርባት የነበረች ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። ሞተሯ ይነሳል፤ ግን ፍሪሲዮኗ አልቆ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። አባትየው አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ከመሞቴ በፊት አንዴ ጎንህ አስቀምጠህ በዚች መኪና አውጣኝ» አለው። ሌላ ነገር ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ልጁ፣ ጋራዥ ወረፋ እስኪደርሰኝ አባቴ ያመልጠኛል ብሎ ፈራ። አዲስ ፍሪሲዮን ፈልጎ አመጣ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በደንብ አስደገፋት፣ ከሥር ገብቶ ፍሪሲዮኑን የሸፈነውን የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮውን አወረደ፣ አሮጌውን ፍሪሲዮን ፈትቶ አዲሱን አሰረ። እስከዚህ እሰየው ነው። አባትየው በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ያዳምጣል።

ካምቢዮውን መልሶ ሲገፋው ግን አልገባም አለ። አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ቀረች። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ፍሪሲዮኑ መሐል ለመሐል ሳይቀመጥ ከታሰረ የካምቢዮው ዘንግ ቀዳዳውን አያገኘውም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እንደገና አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አስተካክሎ ማሰር። ልጁ ግን ደክሞታል፣ አባቱም እየጠበቀው ነው። ቡሎኖቹን አስገባና ክፍተቷን በቁልፍ እያጠበቀ ሊዘጋት ጀመር።

አባትየው ብረቱ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማ። «ልጄ፣ አውርደው። አልተቀመጠም» አለ።

«ትንሽ ናት የቀረችው አባባ! አሁን ትገባለች።»

«አውርደው አልኩህ።»

አላወረደውም። አንድ ዙር ጨመረ፤ ቡሎኑ የሚታሰርበት የካምቢዮው ጆሮ ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። እንግዲህ የዚያን ዓይነት መኪና ዕቃ ከየት ይምጣ? አባትየው አልተቆጣም። «ደግፈህ አስገባኝ» ብቻ አለው። በሳምንቱ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ከዚያ አልተመለሰም። ልጁ ያለቀሰው ለቅሶ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያቻኮለው ፍቅር ነው።

አንተም ክፉ አይደለህም ይርዳው። ሚስትህን እንደምትወዳት አውቃለሁ። ግን ለምን ጥላህ እንደሄደች ስጠይቅህ፣ «እንጃ፣ ያው የሴት ነገር ነው» አልከኝ። ወይ አንተ! ቡሎኑን አጥብቅልኝ እኮ ነው የምትለኝ። ሦስት ሽማግሌ ይዤ እናቷ ቤት ብገባ፣ ስለ እግዚአብሔር ብዬ እግሯ ላይ ብወድቅ፣ ያስከፋትን ነገር ዋጥ አድርጋ ትነሳለች፤ አስተዳደጓ እንዲያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰነጠቀውን ማን ይጠግነዋል? ይልቅ አንተው ሂድ። ብቻህን ሂድና ምን እንዳደረግካት ጠይቃት፤ ስትነግርህም አፍህን ይዘህ ስማት። አንድ ቀን ካልበቃ በማግስቱ ተመለስ።

እኔ የማልሄደው እምቢ ትለኛለች ብዬ አይደለም። እሺ ትለኛለች ብዬ ነው።