የአስተዋዋቂው ፎጣ

አንድ ይርዳው የሚባል አስተዋዋቂ ነበር። ዘመኑ የከተማ ሰው ወሬን ከስልክ ሳይሆን ከሰው አፍ የሚሰማበት ደግ ዘመን ነው። ይርዳው የማንም ቅጥረኛ አልነበረም። ዛሬ የቴአትር አዳራሹ ይጠራዋል፣ ነገ ቅቅል ቤቱ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ የተከፈተው ክትፎ ቤት። እሱም የቆርቆሮ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ ከገበያው እስከ መናኸሪያው ይዞራል። ድምፁ ሲሰማ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል፣ ሴቶች ከየበሩ ብቅ ይላሉ። ያን ድምፅ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ስለ እሱ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ይርዳው አንድ ልማድ ነበረው። ያልቀመሰውን ምግብ፣ ልምምዱን ቁጭ ብሎ ያላየውን ቴአትር አይለፍፍም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ይላል። ካልጣመውም ባለቤቱን በሰው ፊት አያዋርድም። አንገቱን በፎጣ ይጠቀልልና «ይቅርታ፣ ሰሞኑን ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላል። መጀመሪያ ላይ ማር ይዘው የሚጠይቁት የዋሆች ነበሩ። ኋላ ግን ነገሩ ለከተማው ሁሉ ገባው። ይርዳው ፎጣ ካሰረ የሆነ ቤት ወጥ አርሯል ማለት ነው።

ያች ፎጣ እትዬ አስካለን አስለቅሳቸዋለች። ቅቅል ቤታቸውን በከፈቱ ሰሞን ይርዳው መጥቶ ቀመሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ጉሮሮውን አመመው። ደጃፋቸው ጭር አለ። እሳቸውም ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሱት። ሥጋ የሚያመጣላቸውን ሰው ቀይረው፣ ሙያውን እንደ አዲስ ተምረው ሲያበቁ ግን ይርዳው ሳይጠሩት መጥቶ ቀመሰና በስማቸው ከተማውን አናወጠው።

ዓመታት አለፉ። የቴአትር አዳራሹ ተመልካች ራቀው፤ አንድ ነጋዴም የእህል መጋዘን ሊያደርገው ዋጋ ቆረጠ። አንድ ቴአትር ብቻ ቀረ። ሰው ከሞላ አዳራሹ ይተርፋል፣ ካልሞላ ይዘጋል። ይርዳው ልምምዱን አይቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ሲነቃ ግን ድምፁ የለም። እርጅናም ብርድም ተባብረውበት ጉሮሮውን የእውነት አሞታል።

አንገቱን ጠቅልሎ፣ ጡሩምባውን እንደ ልማዱ በትከሻው አንግቶ፣ የቴአትሩን ማስታወቂያ በየግድግዳው ሊለጥፍ ወጣ።

«ምነው ጋሽ ይርዳው፣ ቴአትሩም አረረ?» አለ ልብስ ሰፊው እየሳቀ።

ይርዳው አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«ግድ የለም፣ ገብቶናል ጋሼ። ሰው ማስቀየም አትወድም።»

ይርዳው በንዴት ፎጣውን ፈታ፤ ሳሉ መልሶ አስጠቀለለው። ዕድሜውን ሙሉ በደግነት ያሰራት ፎጣ የሚወደውን አዳራሽ ልታዘጋበት ነው።

እትዬ አስካለ ከደጃፋቸው ሆነው አዩት። ጠርተው አስቀመጡትና ትኩስ መረቅ አቀረቡለት።

«እንደ ድሮው ነው የታመምከው፣ ወይስ እንደ ሰው?»

«እንደ ሰው» አለ በሹክሹክታ።

«ቴአትሩስ?»

«ሲያልቅ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።»

እትዬ አስካለ ሽርጣቸውን ፈቱ። ድስቱን ከእሳት አወረዱ፣ በጠራራ የምሳ ሰዓት ቤታቸውን ዘጉ፣ ጡሩምባውን ተቀብለው ገበያው መሃል ቆሙ።

«ስሙኝ» አሉ። «ይህ ሰው የእኔን ቅቅል ቀምሶ ዝም ብሎኛል። ያኔ ጠልቼው ነበር። ዛሬ የእውነት ታሟል፤ ቴአትሩን ግን አይቶ ወዶታል። እኔን ለማስደሰት ያልዋሸ ሰው ለአዳራሽ ብሎ አይዋሽም። ማታ እዚያው እንገናኝ።»

ያን ምሽት ወንበር ያጣው ሰው ግድግዳ ተደግፎ አየ። ነጋዴውም እህሉን ይዞ ሌላ ቤት ፈለገ። ይርዳው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ከኋላ ተቀምጦ፣ ማጨብጨብ እንጂ መናገር አልቻለም።

አሁን በከተማው በየምሰሶው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ምግቡ ሁሉ ጣፋጭ፣ ቴአትሩ ሁሉ ድንቅ ነው ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ያችን ፎጣ ይናፍቃሉ።

ወዳጄ፣ ሙገሳ የሚታመነው ዝም ማለት ከሚችል አፍ ሲወጣ ነው። ዛሬ ባለመዋሸትህ የሚቀየምህ ሰው፣ ድምፅህ በጠፋ ቀን ይመሰክርልህ ይሆናል። ለመሆኑ አንተን ጉሮሮህን ለመጨረሻ ጊዜ ያመመህ መቼ ነው?