ይዋጡኝ ያለው ዝንብ

ተረት ልንገራችሁ፤ «የመሠረት» በሉኝና ጠጋ በሉ።

በአንድ ብርዳም አገር ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖር ነበር። አጥማጆች ከዶሮ ላባና ከክር ዝንብ መሳይ ሠርተው፣ ሆዱ ውስጥ መንጠቆ ደብቀው፣ በረጅም ክር አስረው ሲወረውሩለት ገና ከሩቁ ይለየዋል። በዚህ ብልጠቱ የወንዙ ዓሣ ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ውርጭ ባደረበት፣ እውነተኛ ዝንብ ክንፉ በብርድ ደንዝዞ ከቅጠል ላይ ውሃው ላይ ዱብ አለ። ፀሐይ ካላሞቀችው መነሳት አይችልም። ወዲያው፣ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰው ትራውት አፉን ከፍቶ ከሥሩ ብቅ አለ።

ዝንቡ ልመና እንደማያዋጣው ገባው።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይዋጡኝ እንጂ፤ ምን ያስጠብቅዎታል?»

ትራውቱ አፉን ገጠመ። «ይዋጡኝ ይዋጡኝ የሚል ዝንብ ገና ዛሬ አየሁ። የማን ሥራ ነህ አንተ?»

«ኧረ የእናቴ ልጅ ነኝ። ላባም ክርም የለብኝ። ሆዴ ውስጥም ቢሆን ምንም መንጠቆ የለም።»

«ስለ መንጠቆ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ሳቀ ትራውቱ። «ደግሞስ በዚህ ውርጭ ዝንብ ከየት ይመጣል? ሂድ፣ ሌላ ሞኝ ፈልግ።»

ባዶ ሆዱን ይዞ ድንጋዩ ሥር ገባ።

ፀሐይ ወጣች። ዝንቡ ክንፉን አራገፈና ሽቅብ በረረ።

ትራውቱ ከታች ሆኖ አየው። አጠገቡ ወዳለችው ትንሽ ዓሣ ዞር ብሎ፣ «አየሽ?» አላት። «አጥማጁ ክሩን ሳበው።»

ተረቴ ይኸው ነው፤ ዳቦዬን ወዲህ በሉ።